ሰው ሁሉ ሠላሳ ዓመት ስለ ሆነበት መዝገብ

ለክቡር አቶ ያረጋል፣
የመተማ ሕዝብ መዝገብ ጸሐፊና የጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ክረምቱ ሲገባ ወባ እንዳይጎበኝዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጣራ እንዳያፈስብዎ፣ ከሁሉም በላይ የቀለም ብልቃጥዎ እንዳይደርቅብዎ እየለመንሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አስቀድሜ የጎረቤቴን የኩብራን ነገር ላሰማዎ፤ የሕዝቡን ደኅንነት የሚከታተሉ ሰው ነዎትና ማወቅ ይወዳሉ ብዬ ነው። የባለሱቁ የኸሊፋ ሚስት ኩብራን ወባዋ ለቋታል፤ ፊቷ ገና አልተመለሰም እንጂ እህል መቅመስ ጀምራለች። ሁለቱ ትንንሾቿ ሳል ይዟቸው ነበር፣ ተሽሏቸዋል። አማቷ እማማ ሐሚዳ፣ እኚያ በምርኩዝ የሚሄዱት፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ያቀፉት፣ እንደ ወትሮው ናቸው። እንግዲህ በመዝገብዎ መሠረት ኩብራ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ባሏም ሠላሳ ነው፤ እማማ ሐሚዳም ሠላሳ ናቸው። በዕድሜ እንዲህ የተስማማ ቤተሰብ በሌላ አገር ይገኝ እንደሆነ አላውቅም። ከግድግዳቸው ወዲያ የምኖረው እኔ ካሰች ገብረማርያምም ሠላሳ ነኝ። ልጄ አየሁሽም ሠላሳ ናት።

ስለዚህ ነገር አምስት ጊዜ ደጅዎ ብመላለስ አምስቱንም ጊዜ ሥራ በዝቶብዎ ስላገኘሁዎ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነገሬን በወረቀት አድርጌዋለሁ። በኸሊፋ ሱቅ በር እንዲለጠፍ የፈለግሁትም እርስዎ ሲጋራ ሊገዙ ብቅ ሲሉ ቆመው እንዲያነቡት ነው። ማንበብ የማይችለውም ሰው የሚችለውን ይጠይቃል። አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። በታኅሣሥ ወር ሰሊጡ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወረቀት ያውጣ ተብሎ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት በዛፉ ጥላ ተሰልፈን ስንውል፣ እርስዎ ከጠረጴዛዎ ቀና ሳይሉ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ ይጠይቁ ነበር። በእኛ ዘንድ ዕድሜ ተቆጥሮ አይነገርም፤ የቆጠሩት ያልቃል ይባላልና የሰውም ሆነ የከብት ቁጥር በአደባባይ አይጠራም። ከፊቴ የነበረችው ሴት እንዳዩኝ ይጻፉ ስትልዎ ሰምቼ፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እንደዚያው አልሁ። እርስዎም ሳያዩኝ ጻፉ። ሠላሳ ብለው ጮክ አድርገው ሲያነቡልኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አልተቃወምሁም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ጸጉሬን ቅቤ ተቀባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ወደ ማታ ኩብራ ወረቀቷን ይዛ መጥታ ከእኔው ጋር ብታስተያየው፣ የአማቷንም አምጥተን ብናነበው፣ ሙገሳው ለእኔ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ያን ቀን ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ጥፋቴንም እወስዳለሁ። የተረፈውን ግን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።

ሁለተኛ። በመዝገብዎ ካለው ሰው መካከል እኔ የማውቃት፣ በእውነት ሠላሳ የሞላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም ልጄ አየሁሽ ናት። ስላገኟት አመሰግናለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የሚወረውርም አንድ ቀን ወፍ ይመታል። ነገር ግን ሠላሳን እንዲህ በለጋስነት ለሰው ሁሉ የሚያድሉት ነገሩ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ይመስለኛልና ላስረዳዎ። ሠላሳ ማለት አምና አብረዋት ውኃ ይቀዱ የነበሩ ልጃገረዶች ዘንድሮ እትዬ ብለው መንገድ ሲለቁላት ነው። ሠላሳ ማለት ከመንጋጋ አንድ ጥርስ ማውለቅ፣ ማሽላ ሲያርሙ ውለው ቀና ሲሉ ወገብን በሁለት እጅ መያዝ፣ አንዲት ነጭ ጸጉር ነቅሎ ማንም ሳያይ እሳት ውስጥ መጨመር ነው። ከዐሥራ አራት ዓመት ትዳር በኋላ ልጅ ላላገኘች ሴት ደግሞ፣ ሠላሳ ማለት ለቅሶ ቤት እንኳ ስትገባ ሰው የሞተውን ትቶ ሆድ ሆዷን ሲያያት ነው። የባሏ እናት በመጡ ቁጥር ገና ሳይቀመጡ፣ ዘንድሮስ ይላሉ። ያልወሰድኋት ጠበል የለም። ኩብራ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ስታበላት ከርማለች። ከሽንፋ የመጣ አንድ መድኃኒተኛ የሰጣት የዛፍ ሥር ደግሞ ሦስት ቀን አስታውኳት፣ አራተኛው ቀን ላይ እኔ እያለቀስሁ እርሷ ታጽናናኝ ነበር። ይህን ሁሉ ተሸክማ በጥር ወር መጥታ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ፀንሳለች። እርስዎ በአንድ የብዕር ጭረት የሰጡኝን ሠላሳ ልጄ እንዲህ አድርጋ ነው ያገኘችው።

ሦስተኛ። በየካቲት ባሏ ጀምበሩ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ሥራ ስላገኘ የስፌት መኪናውን አሸክሞ ሄደ፣ እርሷም ተከትላው ተሻገረች። ሩቅ አይደለም፤ መካከላችን ያለው ኾሩ ብቻ ነው፤ በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ጎርፍ የሚሆነው ያው ወንዝ። እኔ ደጄ ቆሜ የእነርሱ ዶሮ ሲጮኽ እሰማለሁ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህንን እርስዎም ያውቁታል፣ እናትዎም እርስዎን ይዘው እናታቸው ቤት ሳይሄዱ አልቀሩም። በግንቦት መጨረሻ ጀምበሩ ሆዷ የገፋውን ልጄን ይዞ እስከ ኾሩ ድረስ ቢመጣ፣ ከወዲህ ያለው ዘበኛ ከማዶ የሚመጣ የሚያልፈው ወላጁን ሊጠይቅ ብቻ ነው፣ ለዚያም የአቶ ያረጋል ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ወደ እርስዎ መጣሁ። ሁለቱን ስሞች ከመዝገቡ አውጥተው ጎን ለጎን ካዩ በኋላ የተናገሩትን እንዳለ አስታውሰዋለሁ፦ «ሠላሳ የወለደች ሠላሳ በዓለም የለችም። ወይ አንቺ እናቷ አይደለሽም፣ ወይ እርሷ ልጅሽ አይደለችም።» ስሌቱ እንከን የለውም። አንቺ ማለትዎንም በመዝገቡ እኩያዎ ስለሆንሁ ነው ብዬ አልተቀየምሁም። እኔ ልሻገር ብልም መልሱ ያው ሆነ።

ተመልሼ ወደ ኾሩ ወረድሁ። እርሷ ከማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከወዲህ ቆሜ፣ ዘበኛው በመካከል ሆኖ ተነጋገርን። ምን ልናወራ እንችላለን፤ በላሽ ወይ አልኋት፣ እግርሽ አብጧል ወይ አልኋት። ልትሄድ ስትነሣ ዞር ብላ «እማዬ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት፤ ልጅ ሆና ነጎድጓድ ሲመታ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

አራተኛ። ማስረጃ አምጪ አሉኝና እማማ ሐሚዳን ደግፌ አመጣሁ። እኔን ጡት ስጥል ጀምሮ ያውቁኛል። የእርሳቸውንም ወረቀት ተቀብለው አዩና፣ ሠላሳ ስለ ሠላሳ መወለድ ሊመሰክር አይችልም አሉ። እማማ ሐሚዳ በምርኩዛቸው ተደግፈው በደህናው ዓይናቸው ትንሽ ካዩዎ በኋላ «ልጄ፣ ሠላሳ ከሆንሁስ እንግዲያው ባል ፈልግልኝ» ሲሉዎ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎ ብቻ ለሥራዎ ክብር ሲሉ አልሳቁም። በዕድሜ የሚበልጠኝ ሌላ ምስክር ብፈልግ፣ መተማ ውስጥ ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው አጣሁ።

በማግሥቱ ዳዊት ይዤ መጣሁ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ቄስ ገብረማርያም ፊደል ያስቆጠሩኝ በዚሁ ዳዊት ነው፤ የልጆቻቸውንም ልደት እንደ ደገኛ ሰው ሁሉ በኅዳጉ ጽፈዋል። «ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ በአምስተኛው ወር፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ካሰች ተወለደች» ይላል። ይህ ለማንም ሰው የጠራ ነገር ነው። እርስዎ ግን ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመላለሳል፣ ስለዚህ ለሠላሳ የሚቀርበውን ዮሐንስ እወስዳለሁ አሉኝ። ስለ ድርቡሽ ብጠይቅዎ ጽሕፈት ቤቱ ድርቡሽ የሚባል አያውቅም አሉ። እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ በጫካ የሸሸችው ከማን ኖሯል እያልሁ ዳዊቴን በጨርቄ ጠቅልዬ ተመለስሁ። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሮ ነበር። ደጋው ላይ ከዘነበ ኾሩ ይሞላል፤ ኾሩ ከሞላ ደግሞ ፈቃድ ያለውም የሌለውም አይሻገርም።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው። ሰኔ ሦስት ቀን በዚሁ በኸሊፋ ሱቅ በር ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ኩብራ ጠርታ አስነበበችኝ። የነጋዴ ሰሊጥ ወደ ገላባት ተሸክመው አድርሰው በዕለቱ የሚመለሱ፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ያልበለጠ ጤነኛ ሴቶች ይፈለጋሉ ይላል፤ ከግርጌው የእርስዎ ፊርማ አለበት። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፍየሎቼን ለኩብራ አደራ ብዬ፣ ሰኞ ሰኔ አምስት ቀን ማለዳ ከልጃገረዶቹ ጋር ተሰለፍሁ። ዘበኛው ወረቀቴን አየ፤ ከሻሼ ሥር የወጣውን ሽበቴን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። ፊቴ ተሸነፈ፣ ወረቀቱ ረታ። ወረቀቴን እስክመለስ በመያዣ ተቀበለኝ፤ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥም አሸከሙኝ። ልጆቹ ይከብድዎታል እማማ ካሰች እያሉ ሊያግዙኝ ሲሉ፣ ዝም በሉ እኩያችሁ ነኝ እያልሁ አሸዋውን ተሻገርሁ። ጉልበቴ ምን እንዳለኝ አልነግርዎም። ሰሊጡን አንድ ፍሬ ሳላፈስ መጋዘኑ አድርሻለሁ፤ ከነጋዴው ጋር ነገር የለኝም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጄ ቤት ሄድሁ።

ማክሰኞ ምጥ ያዛት። እዚህ ገላባት ያለችው አዋላጅ ደግ ሴት ናት፣ ግን በዐረብኛ ስታጣድፋት ልጄ ግራ ገብቷት ነበር፤ እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ወገቧን ይዤ በምታውቀው ቋንቋ አረጋጋኋት። ቀኑን ሙሉ ቆየችብን። ፅንሱ ተጣሞ መጥቶ ነበርና አዋላጅዋ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ስታየኝ የማርያምን ስም ጠራሁ። ረቡዕ ሰኔ ሰባት ቀን ረፋድ ላይ ማርያም ማረቻት፤ ሴት ልጅ ናት፤ ሦስት ጊዜ እልል አልን። ሐሙስ ደጋው ዘንቦ ኾሩ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። እርስዎ በእውነተኛ ዕድሜዬ ጽፈውኝ ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ለሸክም አሮጊት አያሳልፍም ነበር፤ እናት ብለውም ፈቃድ እስኪፈርሙልኝ ኾሩ ይቀድመን ነበር። ስለዚህ ስሕተትዎን እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁ።

የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። ዕለተ ሚካኤል ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ይህንኑ ይጻፉልኝ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ እናቷና እኔ በተጠመቅንበት በቤተ ክርስቲያናችን ክርስትና እንድትነሣ እፈልጋለሁ። ለዚያ ሦስታችንም ኾሩን ስንሻገር አያት፣ እናትና ልጅ ሆነን እንጂ እኩዮች ሆነን መታየት አልፈልግም። የእማማ ሐሚዳንም ነገር አብረው ይዩት፤ ባሉን ካላገኙላቸው ማለቴ ነው።

ብዕርዎ ቀና ብሎ ሰው የሚያይበትን ቀን እግዚአብሔር እንዲያመጣልዎ እየተመኘሁ፣ ለመዝገብዎ ታዛዥ፣ ለዕድሜዋ ግን ባለቤት ሆና የምትኖር አክባሪዎ፣

ካሰች ገብረማርያም
የአየሁሽ እናት
ገላባት፣ ከኾሩ ማዶ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ደብዳቤውን ከጨረስሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ዛሬ ረፋድ ኾሩ ጎደል ሲል ኸሊፋ በንግድ ፈቃዱ ተሻግሮ መጥቶ ነበር፤ ለአራሷ ማርና ቅቤ ከኩብራ አምጥቷል። ይህን ወረቀት ወስዶ የሚለጥፈውም እርሱ ነው፤ አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ምን እንደተሸከመ አያውቅምና አይጠይቁት። ዘበኛው መተማ ቤቴ ድረስ እንደመጣ፣ እርስዎም ከሸካሚዎቹ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሆናት፣ ጤነኛ፣ ጉልበተኛ ሴት ጠፍታለችና ትፈለግ ብለው እንዳዘዙ ነገረኝ። እዚህ ያለሁት ግን ጉልበቴን በቅባት የማሽ፣ የልጅ ልጅ ያቀፍሁ አሮጊት ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት በመዝገብዎ ስለሌለች ጠፍታለች ሊሏት አይችሉም። ያችን የሠላሳ ዓመት ጉልበተኛ ካገኟት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደዚህ ይላኩልኝ፤ የአራስ ቤት ሥራ በዝቶብኛልና ውኃ የምትቀዳልኝ እፈልጋለሁ።