የሦስት ወሩ መርፌ

ለውድ እህቴ ለአሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? በበረኪናው የቆሰለው እጅሽስ ዳነልሽ? ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ማዳምሽ ስልክሽን ከቀማችሽ ወዲህ ድምፅሽን ከሰማን አራት ወር አለፈን፤ እማም በየሶላቱ ስምሽን ሳትጠራ አትነሳም። ይህን የምጽፍልሽ የሪያድ ጓደኛሽ ጠጅቱ ከእረፍቷ ቅዳሜ ስለምትመለስና ወረቀቱን በእጇ እንደምታደርስልሽ ስለማለችልኝ ነው። እኛ አልሃምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ወዳንቺ ልመጣ ስሰናዳ ደላላው የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ካልተወጋሽ አልወስድሽም ያለኝን ታስታውሻለሽ። መንገዱ አይታወቅም፣ ብትደፈሪ እንኳ አርግዘሽ አትመለሺም ነበር ያለኝ፤ ስለ ሻንጣ ክብደት የሚያወራ ነበር የሚመስለው። አንቺም ተወግተሽ ነው የሄድሽው፣ እኔም ሦስት ጊዜ ተወጋሁ። ከዚያ ጉዞው ቀረ። መርፌውን ከተውኩት ዘጠኝ ወር ሲሞላኝ የወር አበባዬ እንደጠፋ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የምሠራበት ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ለሕፃን የሚሆን ፍላኔል ቁረጪልኝ ሲሉኝ ፊቴን አዙሬ እቆርጥ ነበር። የሰፈራችን ልጆች በሙሉ ያ መርፌ ማህፀን ያደርቃል ይላሉ፤ እኔም አምኜ ለብቻዬ አለቅስ ነበር።

ሙዘሚልን ታውቂዋለሽ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በርና መስኮት የሚበይደውን። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ኒካው ሦስት ሳምንት ሲቀረው መስጊድ የደም ምርመራ ወረቀት ስለሚጠይቅ አብረን ክሊኒክ ሄድን። አክስቱ ዙሃራም ለወጉ ተከተለችን። እትዬ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አልልም። መታወቂያዬን ከላስቲኩ ስመዝ የመርፌው ካርድ አብሮ ወደቀ። የእኔን ጅልነት እይልኝ! ምናልባት ጉዞው ከተከፈተ ይጠይቁኛል ብዬ ያን ወረቀት ይዤው ስዞር ከረምኩ። ዙሃራ አነሳችና “የቤተሰብ ምጣኔ” የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጌጃ ሰፈር እስክንደርስ አፏ አላረፈም። በራችን ላይ ስትደርስማ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። ወንድ ለወንድ ስትዞር ማህፀኗን ያደረቀች ናት፣ ልጃችንን መካን ልታሸክሙት ነበር አለች። ሻሿን ይዤ ጎተትኳት። ስትሰድበኝ በጥፊ መታኋት፤ ብትደግም እደግማለሁ።

አብዱልሃኪም የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ወንድማችን ምን ተፈጠረ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። የውሃውን ጎማ ከቧንቧው ነቅሎ ጀርባዬን ገረፈኝ። ስወድቅ ሆዴን ረገጠኝ፣ ደገመኝ፣ ሠለሰኝ። እማ ልትገላግል ብትገባ ገፍትሮ ከግድግዳው ጋር አላተማት። አፌን ሊያፍን እጁን ሲያመጣ አውራ ጣቱን ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነከስኩት። አራት ቦታ ተሰፍቷል፣ ደስ ብሎኛል። አሚራ፣ አስቢው እስቲ፤ ማህፀኗን አበላሸች ብሎ የረገጠው ማህፀኔን ነው። ሙዘሚል በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የምርመራውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። እወደው ነበር። ከጎማው ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ቀሚሴ በደም ርሷል። አለቀልኝ አልኩ። እማ የራሷ እጅ አብጦ እኔን ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷን ወይንሀረግ ይሏታል፤ ከደረጃ ወድቄ ነው ስላት ጀርባዬን ገልጣ አየችና ደረጃው ጎማ ይይዛል እንዴ አለችኝ። ዶክተርም ጠርታ መረመሩኝ። የፈሰሰኝ የወር አበባዬ ነው አሉኝ። መርፌው አያመክንም፣ ከተውት በኋላ ግን ተመልሶ እስኪመጣ አንድ ዓመትም ሊዘገይ ይችላል፣ ብትመጪ ኖሮ በሁለት ደቂቃ እነግርሽ ነበር ብላ ወይንሀረግ ተቆጣችኝ። ይህን አንቺም ያዢው። ለእኔ ባትነግሪኝም እንደምትፈሪ አውቃለሁ።

አሁን የባሰውን ስሚ። አብዱልሃኪም ይህን ሲሰማ ደሟን የመለስኩላት እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ፣ የእኔ እርግጫ ነው የከፈተላት እያለ ይስቃል። ወሬው እነሙዘሚል ዘንድ ደረሰና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዙሃራ ሦስት ሽማግሌ አስከትላ መጣች። ያለፈው ይረሳ፣ ልጅቷም ደህና ሆናለች፣ ኒካው ይታሰር አሉ። ከመጋረጃው ወጥቼ፣ ደሙ ባይመጣ ኖሮ ትመጡ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዙሃራ ሻሿን ማስተካከል ያዘች። እንግዲያውስ አላገባም አልኩ።

አብዱልሃኪም በታሰረ እጁ ሊመታኝ ተነሳ። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው እናታችን ዘነዘናውን አንስታ ሽማግሌዎቹ ፊት ጉልበቱን አለችው። ሲወድቅ ቤቱ ተናወጠ። ደግመህ እጅህን ብታነሳ ራስህን ነው የምልህ አለችው። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። እማ ግን ዘነዘናውን እንደያዘች ቁጭ ብላ ዋለች፤ እኔም እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ያጎታችን ቤት ነው የሚያድረው። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ነገር ግን ልንገርሽ፣ የዚህ ወር አበባዬ ቀኑ ካለፈ ስድስት ቀን ሆነው፣ አልመጣም። ወይንሀረግ መጀመሪያ ላይ ይዛባል ብላኛለች። አምናታለሁ፣ ግን ያ እግር ሆዴ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አይወጣም። ማክሰኞ ለአልትራሳውንድ ቀጠሮ አለኝ፣ እማም አብራኝ ትሄዳለች። ዱዓ አድርጊልኝ።

እማ ዓይንሽን ሳላይ አልሙት ትላለች። ያጎታችን ሚስትና ልጆቿ ሰላም ብለውሻል። ጎረቤታችን ማኑ ነጠላሽን አጥባ አስቀምጣልሻለች። አንቺም እዚያ አብረውሽ ላሉት ልጆች በሙሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የነርሷን ቃልም ንገሪያቸው። አብዱልሃኪም ሰላም በይልኝ ብሎ ልኮብኛል፤ አልልልህም ብዬዋለሁ። አላህ ልጅ ቢሰጠኝ አጎት የለውም። አክስት ግን አለችው፣ በሕይወት ነይለት።

እህትሽ ኡሙልኸይር
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.