በሁዳዴ የተቀቀለ እንቁላል

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017

ዛሬም ባሌን ዋሸሁት።

ለመፀነስ የሚረዳኝ ሕክምና ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል። ዶክተሯ እስከዚያ ሰውነትሽ ይጠንክር፣ እንቁላልና ወተት አታቋርጪ ብላኛለች። የንስሐ አባቴም "ለሕክምና ነው፣ ብዪ ልጄ" ብለው ፈቀዱልኝ። እኔ ግን እግዜርን ልጅ እየለመንኩ ጾሙን መግደፍ ፈራሁ። ይህን ለጌታሁን አልነገርኩትም። እሱ በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል ቀቅሎ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ይከትልኛል።

ዛሬም ጉርድ ሾላ ቢሮ እንደገባሁ ለጴንጤዋ ባልደረባዬ ለሜሮን ሰጠኋት። "በናንተ ጾም እኮ እኔ ወፈርኩ" ብላ ሳቀች።

ማታ ጌታሁን ፊቱ ገርጥቶ ገባ። ቁርስም ምሳም አልበላም። ዕድሜ ልኩን ጾሞ የማያውቅ ሰው ነው። ምን ሆነህ ነው ስለው አፈረ።

"ያንቺን ጾም እየጾምኩልሽ ነው፣ ሳትጨነቂ እንድትበዪ። እንቁላሉን ጨርሰሽ በላሽ?"

"በላሁ" አልኩት። ደስ ብሎት ሽሮውን መብላት ጀመረ።

ሁለታችንም ለልጁ ብለን ጾመን ዋልን። የበላችው ሜሮን ናት።

አሁን ወተት ሊያሞቅልኝ ኩሽና ገብቷል። እሱን ደግሞ ለማን እሰጣለሁ?