አባዬ ለእንግዳ የቀዳው መድኃኒት

ሐሙስ፣ ኅዳር 12



አባዬ ነገ አንጀቱ በካሜራ ይታያል። ቀጠሮውን ያገኘነው ከስንት ምልልስ በኋላ ነው። ጠዋት የሆድ ማጠቢያውን ዱቄት በአራት ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ በጀሪካን አስቀመጥኩለት። "ሁሉንም አንተው ትጨርሰዋለህ" ብዬው ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት ስመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አየሁ። ጓደኛው ጋሽ ሄራሞ ከጃጁራ ሊጠይቁት መጥተው፣ እኩል ተካፍለው ጨርሰውታል!

"መድኃኒት ለእንግዳ ይቀዳል እንዴ፣ አባዬ?" ብዬ ጮህኩ።

"እሱ እያየኝ ብቻዬን ልጠጣ?" አለኝ፣ ጭራሽ ተቆጥቶ። "ደግሞም ሆዴ ደርቋል ሲለኝ ምን ላድርግ?"

ጋሽ ሄራሞ ሽንት ቤት ነበሩ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። በምልክት ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ደም ያስወጣል?"

"ኧረ አያስወጣም፣ ጋሼ።"

አንገታቸውን ደፉ። "ደሙስ ከፋሲካ ጀምሮ ነው የሚወጣኝ። ዛሬ እንኳን የመድኃኒቱ ይሆናል ብዬ ነበር። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ የራሱ ይበቃዋል።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አባዬ ከውስጥ "ሄራሞ፣ ወጣህ? ተራዬ ነው!" እያለ ይስቃል።

የቀጠሮውን ወረቀት አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት። የተጻፈበት ስም የአንድ ሰው ብቻ ነው።