ካርታህን ይዘህ ና

ለልጆቼ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሰው ይህን ለወግ ይጠይቃል፤ እኔ ግን መልሱን ፈልጌ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው ነበር። የተናገረው ጋሽ ቀጀላ ነው። "እሱ ተመችቶታል፤ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋስ እየተቀበለ ይኖራል። የቤቱን ድርሻ ካልሰጠሽው ግን ይከስሻል" አለኝ።

ይህን ሲለኝ ትዝ ያለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ሳሎን ከፋብሪካ ጓደኞችህ ጋር የምትጫወተው ፖከር ነው። ሴት ካርታ አትይዝም ብለህ አንድ ቀን እንኳ አላስነካኸኝም። ቢራና ቆሎ እያቀረብኩ ከኋላህ እቀመጥ ስለነበር ግን ካርታህን ካንተ እኩል አየው ነበር። ጥሩ ሲደርስህ ታማርራለህ፤ ዛሬስ ዕድሌ ጠምሟል እያልክ አንድ አንድ የመወራረጃ ቆርኪ ትጨምራለህ። ምንም ሳትይዝ ስትቀር ነው ደረትህን ነፍተህ ቆርኪውን የምትከምረው። ጋሽ ቀጀላ ሦስት አስ ይዞ ፈርቶህ ሲጥል አይቻለሁ። እሱኑ ሽማግሌ አድርገህ መላክህ አሳቀኝ። ዛሬም አምኖህ ነው የመጣው።

አብረን ስንኖር አንድ ቀን ተመችቶኛል ብለህ አታውቅም። ደመወዝ ሲጨመርልህ እንኳ ታማርር ነበር። ስለዚህ ተመችቶታል ሲለኝ ደነገጥኩ። ሲወጡ፣ የሚኖርበት ቤት እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቤቱስ ውስጥ አልገባንም፣ ደረጃው ስለሚያደክመው ታች ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘነው አለኝ። ለምን እንደጠየቅሁት እንኳ አልገባውም።

ድርሻውን ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ብዬ ሸኘኋቸው። የካርታውን ቋንቋ አንተ ታውቀዋለህ። እኔ እንደ ጋሽ ቀጀላ አልጥልም። ያንተን ካርታ ማየት እፈልጋለሁ። መጥተህ ጠረጴዛው ላይ ገልጠህ አስቀምጥ።

ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም። ሳትሰናበተኝ መሄድህን፣ ልጆቹ አባባ የት ሄደ ሲሉኝ የምመልሰው ማጣቴን አልረሳሁም። የጓሮውንም ክፍል አትመኘው፤ ተከራይ ይዞታል። በሩ ላይ የነበረውን ደረጃ አስፈርሼ በሲሚንቶ ያስተካከልኩት ለሱ ብዬ ነው። አልጋውንም ወደ መስኮቱ አዙሬለታለሁ፤ እንዳንተው የጠዋት ፀሐይ ይወዳል። ገና አልገባም።

ስትመጣ ታክሲው ላይ ጋቢና ተቀመጥ፤ ከኋላ ሰው ይጋፋሃል። ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

የልጆችህ እናት
ከአቃቂ