ያልተመዘገበችው ቢጫ ካርድ

በኳስ ወዳጆች ዘንድ «ሚዛን» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት አሰልጣኝ፣ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጣውን አንድ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

በትምህርት ጎበዝ ነበሩ ብንል ውሸት ይሆናል። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሟል» ብለው መጻፋቸውን እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን እያነሱ ሲስቁበት ኖረዋል። ቢሆንም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰዋል።

በ1970 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ቡድን ተቀላቅለው አሥራ ሁለት ዓመት በአማካይ ስፍራ ተጫወቱ። ኳስ ሳይደርሳቸው ግራ ቀኙን ማየት ልማዳቸው ነበር፤ «መንገድ ሲሻገር እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም» እያሉ ባለቤታቸው ይቀልዱባቸው ነበር። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ የነበሩትን እኚህን ባለቤታቸውን በ1981 ዓ.ም. አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ያንኑ ቡድን ማሠልጠን ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜም ለዋንጫ አብቅተውታል። ታናሽ ወንድማቸውን ቡድን መሪ አደረጉት። ሥራው የተጫዋቾችን መታወቂያ መያዝና ማን ስንት ቢጫ ካርድ እንዳየ በደብተር መመዝገብ ነበር።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ጨዋታ እንምጣ፤ ማለፍስ እንዴት ይቻላል! በ1998 ዓ.ም. የውድድሩ መጨረሻ ዕለት ቡድኑ አንድ ለባዶ አሸንፎ ከመውረድ ተረፈ። በአራተኛው ቀን ከፌዴሬሽኑ ደብዳቤ መጣ፤ የመሐል ተከላካዩ አምስት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ አልነበረበትም። ውጤቱ ተሰረዘ፣ ቡድኑ ወረደ፣ በዓመቱም ፈረሰ። አሰልጣኙ «ረስቼ ያሰለፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አትጠይቁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ፤ ተባረሩም። «ጉቦ በልቶ ነው» ተባሉ። የቤታቸው መስኮት ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ታላቋ ልጃቸው ስድቡን ሸሽታ ትምህርት ቤት ቀየረች። የሚቀጥራቸው ቡድን ጠፋና የስፖርት አዳራሽ ዕቃ ጠባቂ ሆነው፣ ኳስ እየነፉና መረብ እየጠገኑ ጡረታ ወጡ።

እንግዲህ እውነቱ ይነገር። አምስተኛዋን ካርድ ያልመዘገበው ቡድን መሪው ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ደብተሩን ይዞ ቢሯቸው ገባ። ባዶውን መስመር አዩት፤ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተው «አንተ ገና ትዳር መያዝህ ነው፤ እኔ ሌላ ቡድን አላጣም። አፍህን ዝጋ» አሉት። ዘጋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሑድ እሑድ አብሯቸው ኳስ እያየ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰው ሲሰድባቸው እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። እንዲህ ያለ ወንድም ከጠላት በምን ይሻላል?

አሰልጣኙ በጉበት ሕመም ስምንት ወር ታከሙ። በሆስፒታል ሳሉ ወንድማቸው «ልናገር?» ቢላቸው፣ «ልጆችህ ምን ይሉሃል?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ይህን የጻፈውና አሁን ቆሞ የሚያነብላችሁ ያው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ልጆቹም ከፊት ተቀምጠው እየሰሙት ነው። በሕፃንነቱ አዝለውት ነበር፤ ሸብቶም አላወረዱትም። ዛሬ ወርዷል። ነፍሳቸው ሸክሟን አራግፋ በሰላም ትረፍ።