ድርሻሽን የበላሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአስካለ፣ ለሚስቴ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገባ። እኔ ከፍርሃት በስተቀር ደህና ነኝ። ነገ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስን ነው የምፈራው። ሰናይት ልጃችን እኔ ልጻፍልህ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ቢጣመምም አንቺ ታነቢዋለሽ።

ወፍሬልሻለሁ። ያ ቀበቶዬ አይደርስም። የካ ሚካኤል ዳገቱን ስወጣ ሦስቴ እቆማለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል፣ የሚበሉት ርቦዎት ሳይሆን ከፍቶዎት ነው አለኝና፣ እንደኔ ያሉ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ በማኅበር ይታከማሉ ብሎ ላከኝ።

ማኅበር ሲለኝ ምን ላውቅ? ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ትልቅ ድፎ ዳቦ አስጋግሬ ሄድኩ። ስምንት ወፍራም ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሁሉም ዓይናቸውን ዳቦው ላይ ጣሉ። ከዚያ ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አንዷ፣ አባባ፣ ሊጨርሱን ነው የመጡት? አለች። ሳቁ ቤቱን አናጋው። እኔም ሳቅሁ፤ ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

የምታክመን ገና ልጅ ናት። አትቆጣም። ከመጉረሳችሁ በፊት ልባችሁ ውስጥ ምን ነበር ብላ ትጠይቃለች። አንድ ሹፌር ከልጁ በተጣላ ቁጥር እንደሚበላ ተናግሮ አለቀሰ። ወንድ፣ በሰው ፊት! ተራው እኔ ጋ ሲደርስ፣ እኔ ጿሚ ነኝ፣ ብዙም አልበላ፣ እያልኩ አልፋለሁ።

ዋሸሁ፣ አስካልዬ። ዛሬም በዚያው ትሪ ለሁለት ሰው ነው የማቀርበው። የኔን እጨርሳለሁ። በአንቺ በኩል ያለው ሳይነካ ሲቀር አያስችለኝም፤ እሱንም እበላዋለሁ፣ እስኪያመኝ።

የት እንደለመድኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ሕመሙ ሲጀምርሽ፣ ልጆቹ እንዳያውቁ ድርሻሽን በጣትሽ ወደኔ እየገፋሽ ብላልኝ ትዪኝ ነበር። በላሁልሽ። ትሪው ባዶ ሆኖ ሲያዩ እማዬ በልታለች ብለው ደስ አላቸው። ያን ጊዜ እምቢ ብል ቶሎ ሐኪም ጋ ደርሰሽ ትተርፊ ነበር? አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነገ ስለምጠየቅ ነው የምፈራው።

ለነገ ቤተሰብ ይምጣ ተብሏል። ሰናይት ከሥራዋ አስፈቅዳለች። ልቤ እንዳይቆም ከምፈራው ይልቅ ዓይኗን ፈራሁ። ሰምታ ጥላኝ ብትወጣስ? ከአንቺ ቀጥሎ አጠገቤ ያለችኝ እሷ ናት።

ግን እናገራለሁ። ባልሽ እልኸኛ ነው፣ ካለ አለ ነው። ሰናይት ተነስታ ብትሄድም ትሂድ፣ እስከ መጨረሻው እናገራለሁ።

ከነገ ወዲያ ለአንድ ሰው ብቻ ባቀርብ፣ ረሳኝ እንዳትዪ። በሆዴ ሸሽጌሽ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ በአፌ አነሳሻለሁ፣ ለሰናይትም፣ ለዚያች ለበርበሬ ሻጯም።

የማይረሳሽ ባልሽ፣
ተሰማ