ያልገጠምኩት ፎርኬላ

ለምወድህና ለምትቆጣኝ ወንድሜ ለኢዮስያስ፤

ሰላምታዬ ከሀዋሳ ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ ድንበር አቋርጦ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሎኬሽን በምትሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ካለው ሱቅህ የብረት ፍርግርግ ኋላ ይድረስህ። እንደምን ነህ? ጤናህስ? ዕቃ ተሸክመህ ስትዞር የጎዳኸው ወገብህ ተሻለው ወይ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? ቁጣህስ እንዴት ከረመ? በረደልህ ወይስ አሁንም እንደጣድከው ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ታናሻችን ሄራንም ከኔ ጋር መጣላቷን ሳታቋርጥ ደህና ናት።

ስልኬን አላነሳም ካልክ ሰነበትክ። ቴሌግራም ላይ የምጽፍልህንም አይተህ ዝም ትላለህ። ስለዚህ ጓደኛህ አልአዛር ሰርጉን ጨርሶ ወደ አንተ ሊመለስ ነው ሲሉኝ ወረቀት አነሳሁ፤ ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም። «የላክሁላትን ፎርኬላ ብስክሌቷ ላይ ካልገጠመች ወንድም አለኝ እንዳትል» ማለትህን እማዬ እያለቀሰች ነግራኛለች። ሰምቻለሁ። ያንን የፊት ጎማ መያዣ ሹካ አልገጥመውም። ይህን ከመጀመሪያው ልንገርህና ምክንያቱን ተረጋግተህ አንብብ፤ ባትረጋጋም አንብብ።

ብስክሌቷን ከምን ተነስቼ እንደሠራኋት ታውቃለህ? አታውቅም፤ ጠይቀኸኝ አታውቅማ! ባህል አዳራሽ አካባቢ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ይመላለስ የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሊገባ ሲል የተራራ ብስክሌቱን አካል ብቻ ሸጠልኝ። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ባዶውን። አሉሚኒየም ስለሆነ በሁለት ጣት ይነሳል። ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው ቤት ስገባ አባባ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይሄ ደግሞ የየትኛው አልጋ ስባሪ ነው?» አሉኝ። ሄራን እስከ ዛሬ «አልጋሽ ደህና አደረ?» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ዕቃ የመረጥኩት ባል እንደሚመረጥ ዘር ማንዘሩን አስጠይቄ ነው። አዲስ ከተማ ካለው ብስክሌት ሠሪ ከፍቅሬ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ብሎን የለም። የሚሽከረከር ነገር ላይ ያለ ክብደት እግርን በእጥፍ ያደክማል፤ ስለዚህ ያለኝን ቸርኬውና ጎማው ላይ አዋልኩት። ኮርቻው አሮጌ ነው፤ ቀዳዳውን ራሴ ሰፋሁት፣ መቀመጫዬም አልቀየመኝም። ከፊት ሦስት የማርሽ ጥርስ በሚገባበት አንዱን ብቻ ገዝቼ የቀረውን ከነመቀየሪያው ተውኩት፤ ዋጋውም ቀለለ ብስክሌቷም ቀለለች። አንድ ጊዜ እንደ ላባ የቀለለ መሪ በርካሽ አግኝቼ ነበር። ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችበት፤ መለስኩትና ከበድ ያለውን ወሰድኩ። ጥርሴን የማስይዝበት ነገር ላይ ርካሽ አልፈልግም። ቀላል ነገር ባየሁ ቁጥር የምሮጥ ሞኝ እንዳልሆንኩ እንድታውቅ ነው ይህን ሁሉ የምነግርህ።

ደግሞ አንድም ዕቃ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ብስክሌቴ ላይ አይወጣም። የሚመዘነው ገበያ፣ ሙንተሃ በርበሬና ኮረሪማ የምትሸጥበት ሚዛን ላይ ነው። መጀመሪያ ፔዳል ይዤ የሄድኩ ቀን «እህቴ፣ ይሄን ወጥ ውስጥ ልትጨምሪው ነው?» ብላ ጎረቤቶቿን ጠርታ ሳቀችብኝ። አሁን ገና ከሩቅ ስታየኝ የሚዛኑን ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውልና «ዛሬስ ማንን አከሳሽ?» ትለኛለች። በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ቆመው ይጠብቁኛል፤ አንዳንዷም ትመርቀኛለች።

እንግዲህ እዚህ መሀል ነው ያንተ ሻንጣ የመጣው። ሻንጣህ ሲከፈት ቤታችን እንዴት እንደሚሆን አንተ አይተህ አታውቅም፤ ላኪ እንጂ ከፋች አይደለህማ። ጎረቤት ይጠራል፣ ሻንጣው ላይ ይጸለያል፣ ዕቃው አንድ በአንድ ይወጣል፣ የመጣለት ሰው እዚያው ለብሶ ይቆምና ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ለአንተ ይላካል። ፎርኬላው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሲወጣ ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ። ሞላ ያለባቸው እግሮቹ የሞተር ሳይክል እግር ያክላሉ። አባባ በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው «ክብደቱ ራሱ ይናገራል! ወንድምሽ ሳይሰስት ነው የገዛው» አሉ። በኛ ቤት ከባድ ነገር ጥሩ ነገር ነው፤ ጋቢም ድስትም ጓጉንቸርም የሚመረጠው በእጅ ተመዝኖ ነው። አንተም ሱቁ ውስጥ እንደዚያው በእጅህ መዝነህ እንደገዛኸው አልጠራጠርም። የአባባ ልጅ አይደለህ?

እኔም በማግስቱ ሙንተሃ ጋ ወሰድኩት። ሳህኑ ዱብ አለ። «ውይ! ይሄ ብቻውን ከብስክሌትሽ አካል እጥፍ ይመዝናል» አለችኝ፤ ቀጥላም «ከባድ ዕቃ ደስ የሚለው ሻጩን ነው፤ ተሸካሚውን አይደለም» አለች። ከዚያ ወደ ፍቅሬ ሄድኩ። ፍቅሬ ዕቃው ምርጥ መሆኑን አልካደም፤ ግን መኪና ወደ ላይ እያወጣቸው ቁልቁሉን ብቻ ለሚወርዱ ሰዎች የተሠራ ነው አለኝ። ቁመቱ ለኔ ብስክሌት ስለሚረዝም ፊቷን ወደ ላይ ያነሳታል፣ ሽቅብ ላይ የፊት ጎማዋ መሬት አይጨብጥም፣ ውሎ አድሮም አንገቷን ይሰነጥቀዋል። ኢዮስዬ፣ እኔን ተራራ ላይ የሚያወጣኝ መኪና የለም። የምወጣው በገዛ እግሬ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የመረጥኩትን ሞላ የሌለውን፣ ቀጥ ያለውን ቀላሉን ፎርኬላ አልቀየርኩም።

እማዬ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች ደግሞ ልንገርህ፤ እሷ አልነገረችህም። አንተ ቅር እንዳትሰኝ ብላ ሥራ በዋልኩበት ቀን የሰፈር ሞተር ጠጋኝ ጠራች፣ የኔን አስፈትታ ያንተን አስገጠመች፣ ሄራንን የኔን ጃኬት አልብሳ ላዩ ላይ አስቀመጠቻትና ፊቷ እንዳይታይ ከኋላ ፎቶ አነሳቻት። «ሮሆ፣ እንዴት አማረብሽ!» ብለህ የመለስክለት ፎቶ እሱ ነው። ያማረባት ሄራን ናት። ከሥራ ስገባ ብስክሌቴ እንደ ኩሩ ፍየል አንገቷን ሰቅላ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ልብሴን ሳልቀይር መፍቻ አነሳሁ። እማዬ «የወንድም ስጦታ አይፈታም!» እያለች ታለቅሳለች፣ እኔም እያለቀስኩ እፈታለሁ። በማግስቱ ደውዬ አልገጠምኩትም ብዬ እውነቱን የነገርኩህ ለዚህ ነው። አንተም ያኮረፍከው የዋሸህን ሳይሆን እውነት የነገረህን ሰው ነው፤ ጎበዝ!

አባባ የቸርች ሽማግሌዎችን ሳይቀር ጠሩብኝ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ግጠሚውና ፎቶ ተነሺበት፤ ከዚያ ብታስቀምጪው ማን ያያል?» አሉኝ። «አባቶቼ፣ ታዲያ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ?» አልኳቸው። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ለሁላችንም ጸልየው ሄዱ። አባባ ግን ብዙ ቀን ሰላምታዬን ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የሚመልሱት፤ እሱ አሞኛል፣ አልደብቅህም።

ባለፈው ቅዳሜ አላሙራ ተራራ ላይ የከተማው ብስክሌት ክለብ ሴት ተወዳዳሪዎችን መረጠ። ጥቂት ነው የሚወስዱት፤ ብዙ ነበርን። ሽቅቡ ላይ ሌሎቹ ወርደው ሲገፉ እኔ ከኮርቻዬ አልወረድኩም። ጠጠሩ ከጎማዬ ስር እየተፈናጠረ፣ ምራቄ እየደረቀ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ጫፍ ደረስኩ። ቁልቁሉ ላይ ግን ልክ ልኬን አገኘሁ። ሞላ የለማ! እጄ ደነዘዘ፣ አንድ ቦታ ወድቄ ክርኔ ተላጠ፣ ሽቅቡ ላይ የቀደምኳቸው ሁለት ልጆችም አለፉኝ። ያንተ ፎርኬላ ቢሆን ኖሮ እዚያች ቦታ ላይ ባልወደቅኩ ነበር፤ በዚህም ደስ ይበልህ። ግን ያንተን ገጥሜ ቢሆን ቁልቁሉ ጋ መቼ እደርስ ነበር? ተመርጫለሁ ኢዮስዬ። ስሜ ሲጠራ ክርኔ እየደማ ጮህኩ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ አቀፈኝ፤ አንተ ግን ስልክ አላነሳህም።

አሁን ደግሞ ማንም ደፍሮ የማይነግርህን ልንገርህ። ለአባባ የላክላቸው ወፍራም ካፖርት በሀዋሳ ሙቀት ፎቶው እስኪነሳ በላብ አጥምቋቸዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልለበሱትም። የእማዬ ጫማ ጠቧት ተረከዟ አልገባም፤ ፎቶው ከጉልበቷ በላይ የሆነው ለዚያ ነው። ሄራን «እያደግኩ ነው» ማለት ፈርታ ትከሻዋን ሰብስባ ነው ቀሚሱን ለብሳ የተነሳችው። ሁሉም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ብል እንዳይበላው እማዬ እያወጣች ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። የሚዋሹህ ስለሚወዱህ ነው። እኔ ግን ይህ መውደድ አንገሽግሾኛል! አንተ እዚያ ከፍርግርግ ኋላ በፍርሃት እየዋልክ፣ ወገብህ እስኪቆረጥ ተሸክመህ የምትገዛውን፣ እኛ ለአንድ ፎቶ ለብሰን እናስቀምጠዋለን። ይህን ማወቅ የለብህም? እኔ አንተን ብሆን ማወቅ እፈልግ ነበር፤ የደበቀኝንም ሰው ይቅር አልለውም ነበር።

ስትሄድ የነበርነውን ነው እስከ ዛሬ የምታስበው። ሄራን ያኔ ወገብህ ድረስ ነበረች፤ አሁን እኔን ትበልጣለች። አባባ ከስተዋል። ልካችን ተለውጧል ወንድሜ፤ ማወቅ ከፈለግክ ጠይቀን፣ ከቻልክም መጥተህ ለካን።

ፎርኬላህ አልተጣለም፤ ጠርጌ፣ ቅባት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ፍቅሬ ለሚስማማው ሰው ልሽጥልሽ ብሎኛል፤ ያላንተ ፈቃድ አልነካውም ብያለሁ። ሽጪው ካልከኝ እሸጣለሁ፣ መልሺው ካልከኝ እመልሳለሁ፣ ስጪው ካልከኝ እሰጣለሁ። ከመግጠም በስተቀር ያልከኝን ሁሉ አደርጋለሁ። «ወንድም አለኝ እንዳትል» ላልከው ግን እላለሁ! ገበያም እላለሁ፣ ቸርችም እላለሁ፣ አላሙራ ጫፍ ላይ ቆሜም ብያለሁ። እህትነቴን የሰጠችኝ እማዬ ናት፤ አንተ ልትነጥቀኝ አትችልም።

ሄራን «አልጋዋ ክለብ ገባች በይው» ብላ ትስምሃለች። አባባ ከቅዳሜ ወዲህ በአፋቸው ሰላም ይሉኛል፤ ለአንተም ሰላምታቸውን እያቀረቡ «ካፖርቱ እጅግ ተስማምቶኛል በይልኝ» ብለዋል፤ እንግዲህ ብያለሁ። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ በስልክ ከምትነግርህ ግማሹን እመን። ፍቅሬ ያለ ትውውቅ ሰላም ይልሃል። ሙንተሃም «ወንድምሽን ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ሚዛን ይዘህ ሂድ በይው» ብላለች። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አልአዛር ይህን በእጅህ ከሰጠህ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቸርች መልስ እደውልልሃለሁ። ካላነሳህ ሰኞ እደውላለሁ። ሰኞም ካላነሳህ ማክሰኞ። እኔ ሽቅብ ላይ አልወርድም።

እህትህ ሮሆቦት
ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.